ርካሹ «ላየኸው ብቻ ክፈል» ቴሌቪዥን ያዋጣል?

ሪሞት በእጄ

ሰላም ቤቶች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

በየወሩ ሙሉውን ፓኬጅ እከፍላለሁ። ቻናሉ ከመቶ በላይ ነው። የማየው ግን ኳስ፣ ዜና፣ አልፎ አልፎ ፊልም ነው። የቀረውን በሪሞት ሳልፈው ነው የማውቀው። ሰሞኑን ርካሽ የሚባል ሌላ አገልግሎት አየሁ። ሳጥኑን (ሪሲቨሩን) አንዴ ትገዛለህ። ወርሃዊ ክፍያ የለም። ሂሳብ ትሞላና የፈለግከውን ጨዋታ ወይም ፊልም ለብቻው ትገዛለህ።

ሂሳቡን ሠራሁት። የአንድ ጨዋታ ዋጋ አሁን በወር ከምከፍለው አንድ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ በወር ከስድስት ጨዋታ በታች ካየሁ አተርፋለሁ ማለት ነው። እንዲህ ቀላል ከሆነ ግን ሰው ሁሉ ለምን አልገባበትም? የማይነግሩኝ ነገር ያለ መሰለኝ። የሞከረ ካለ እውነቱን ይንገረኝ። ቤት ውስጥ ሦስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ እና የአምስት ዓመት ልጃችን።

ቆጣቢዋ

ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ። ቴሌቪዥኑ ጎን ደብተር አስቀምጬ የገዛሁትን ሁሉ እጽፍ ነበር። ባለቤቴ «ኦዲተሯ መጣች» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አሁን ያ ደብተር ላንተ ጠቀመ።

በመጀመሪያው ወር 11 ነገር ገዛሁ። ርካሽ ነው ብዬ ነዋ! ከ11ዱ አራቱን እስከ መጨረሻው አላየሁም። በሁለቱ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንዱ ፊልም በ20 ደቂቃ ሰለቸኝ። አንዱን ደግሞ ገዝቼ እንግዳ መጣብኝ። ሁለተኛው ወር ላይ 5 ገዛሁ፣ ሦስተኛው ላይ 3። ከዚያ ወዲያ እጄ ተሰበሰበ። ምንም ያልገዛሁባቸው ወራትም አሉ።

ይሄ ጥሩ ይመስላል አይደል? ጉዱ ያለው ሂሳቡ ላይ ነው። የሞላሁት ገንዘብ የአገልግሎት ጊዜ ነበረው። ሳልጠቀምበት ቀኑ አለፈና ተቃጠለ። አንድም መልእክት አልደረሰኝም። ደብተሬን ስደምር፣ የተቃጠለብኝ ሂሳብ በሁለት ወር ካየኋቸው ጨዋታዎች ዋጋ ይበልጣል። ዝቅተኛው የመሙያ መጠን የአንድ ጨዋታ ዋጋ ሳይሆን የሦስት ነበር። አንድ ልታይ ሦስት ትሞላለህ፣ ሁለቱ ቁጭ ይላል፣ ቀኑ ይደርሳል፣ በቃ።

ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የሞላሁት ሂሳብ መቼ ይቃጠላል? ትንሹ መሙላት የምችለውስ ስንት ነው? የጨዋታውን ዋጋ ማንም ይነግርሃል። እነዚህን ግን ካልጠየቅክ አይነግሩህም።

ነገረኛው

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ርካሹ ዋጋ እኮ ማጥመጃው ነው። ማንም የማይጓጓለትን ጨዋታ በርካሽ ይሸጡልሃል። ደርቢ ሲመጣ «ልዩ ዝግጅት» ይባላል፣ ዋጋውም ልዩ ይሆናል። ስድስተኛ ያልከው የትኛው ጨዋታ ዋጋ ነው?

ሪሞት በእጄ

ኧረ እውነትህን ነው፣ እሱን አላየሁም። ተመልሼ አየሁት። ስድስተኛው የተራው ጨዋታ ነው። ትልልቆቹ እጥፍ ናቸው። 😐

ዲሽ ገጣሚ

ሥራዬ ስለሆነ ቴክኒኩን ልንገርህ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣል።

ዲሽህ ይቀበላል እንጂ አይልክም። ሳተላይቱ ያንተን ሪሞት አይሰማም። ስለዚህ ትዕዛዙ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፤ በአጭር መልእክት፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት። ድርጅቱ ክፍያህን ሲያይ «ይህ ቁጥር ያለው ካርድ ይህን ጨዋታ እንዲከፍት» የሚል ፈቃድ በሳተላይቱ ሲግናል ውስጥ ይለቃል። ፈቃዱ ለተወሰነ ጊዜ እየተደጋገመ ይተላለፋል። ሪሲቨርህ በርቶ፣ ካርዱ ውስጡ ሆኖ ካልጠበቀው አያገኘውም።

ሰው ምን ያደርጋል? መብራት ለመቆጠብ ሪሲቨሩን ከሶኬት ይነቅላል። ጨዋታው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከስልኩ ላይ ይገዛል። ከዚያ ይሰካል። ቻናሉ አሁንም ተዘግቷል። ይጮኻል። ደንበኞች አገልግሎት መስመሩ ተይዟል፣ ምክንያቱም ሌላው ሺ ሰውም በዚያው ደቂቃ እየጮኸ ነው። እኔ ደንበኞቼን የምመክረው እንዲህ ነው፦ ከአንድ ሰዓት በፊት ግዙ፣ ሪሲቨሩን አብሩት፣ ጨዋታው የሚተላለፍበት ቻናል ላይ አድርጋችሁ ተዉት።

ሌላው ዝናብ ነው። ከባድ ዝናብ የሳተላይት ሲግናል ያዳክማል። ዲሹ ትንሽ እንኳ ከተዛነፈ ዝናብ ሲመጣ ምስሉ ይበጣጠሳል። በወርሃዊ ክፍያ ላይ ያለ ሰው አንድ ማታ ቢቋረጥበት ይናደድና ይተወዋል። አንተ ግን ያቺኑ ማታ ነው የገዛኸው። ዝናብ ቢያቋርጠው ገንዘብህ ይመለሳል ወይ ብለህ ውሉን አንብብ። ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

የቡጢ ወዳጅ

እኔ የዚህ ነገር አንጋፋ ተጎጂ ነኝ 😂 ቦክስ የምትወድ ከሆነ በየግጥሚያው መክፈል ዕጣህ ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1988 ታይሰን እና ስፒንክስ ተጋጠሙ። ሰው ከፍሎ፣ ተሰብስቦ፣ ቁጭ አለ። ግጥሚያው በ91 ሴኮንድ አለቀ። ጫማህን አውልቀህ ሳትጨርስ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. 2015 ደግሞ ሜይዌዘር እና ፓኪያው። በአሜሪካ ብቻ 4.6 ሚሊዮን ገደማ ግዢ ተመዘገበ። የገዢው ብዛት የኬብል ድርጅቶቹን ሥርዓት ስላጨናነቀ ግጥሚያው ራሱ እስኪዘገይ ድረስ! ያን ሁሉ ጠብቀን ያየነው መሸሽና መተቃቀፍ ነው። ከግጥሚያው በኋላ ፓኪያው ትከሻው ተጎድቶ እንደነበር ታወቀ። ተመልካቾች ተታለልን ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሄደና እ.ኤ.አ. 2019 ላይ ተሸነፉ። የፍርድ ቤቱ ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር፣ የቦክስ ግጥሚያ ለማየት ከፈላችሁ፣ የቦክስ ግጥሚያ አያችሁ የሚል ነው።

በየጨዋታው ስትከፍል የምትገዛው ያልታየ ነገር ነው። ጥሩ ይሁን መጥፎ ማንም ዋስ አይሆንልህም። እኔ ይሄን ሁሉ አውቄ ቀጣዩንም እገዛለሁ። ስለ ጤንነቴ ግን አትጠይቁኝ።

ሦስተኛ ፎቅ

ማንም ያላነሳው ነገር፦ አገልግሎቱ በዲሽ ነው ወይስ በስትሪሚንግ? በስትሪሚንግ ከሆነ የኢንተርኔቱን ዋጋ ሂሳብህ ውስጥ አስገብተሃል?

ቁጥሩ ይኸው። ጥራት ያለው ምስል በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ያህል ይበላል እንበል። ያ በሰዓት ወደ 2.25 ጊጋባይት ነው። ጨዋታ ከነእረፍቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ወደ 4.5 ጊጋባይት ይወስዳል። ገደብ የሌለው መስመር ካለህ ችግር የለም። በጊጋ የምትገዛ ከሆነ ግን ኢንተርኔቱ ከጨዋታው ሊወደድብህ ይችላል።

ከዚያ ደግሞ መዘግየቱ አለ። ስትሪሚንግ ቪዲዮውን በየጥቂት ሴኮንዱ ይቆራርጥና ቁርጥራጩን አጠራቅሞ ነው የሚያሳይህ። ከሳተላይት ግማሽ ደቂቃ ወደኋላ መቅረት የተለመደ ነው። ታች ያለው ጎረቤቴ ዲሽ አለው። እኔ ጋ አጥቂው ገና መሀል ሜዳ ላይ ነው፣ እሱ «ጎል!» ብሎ ይጮሃል። የከፈልኩበትን ጎል ከጎረቤቴ አፍ እሰማለሁ።

እ.ኤ.አ. 2018 ውድስ እና ሚከልሰን የተጋጠሙበት የጎልፍ ዝግጅት በክፍያ ሊታይ ነበር። በዕለቱ የኢንተርኔቱ ክፍያ መቀበያ ተበላሸና ለሁሉም በነፃ ተከፈተ። አስቀድመው ለከፈሉት ገንዘባቸው ተመለሰ። አስቀድሞ መክፈል ጎበዝነት የማይሆንበት ቀንም አለ።

ፈጣን ልጅ

ለምን ትከፍላላችሁ ሊንክ አለኝ በውስጥ አናግሩኝ

አወያይ

የተሰረቀ ስርጭት ሊንክ እዚህ አይለጠፍም። በውስጥም ቢሆን። ሁለተኛ ካየሁ አካውንቱ ይዘጋል። ቀጥሉ።

የሦስት ልጆች እናት

ወንድሜ፣ የአምስት ዓመት ልጅ አለኝ ብለሃል። እዚህ ላይ ልቁም።

የኔ ትንሹ ልጅ ሪሞቱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሳጥኑ ሲገባ የሚስጥር ቁጥሩ ከፋብሪካ እንደመጣ 0000 ነበር። እኔም አልቀየርኩትም፣ ማን ያስታውሰዋል ብዬ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያንኑ የካርቱን ፊልም አራት ጊዜ ገዛው። አራት ጊዜ! ፊልሙ አንዴ ሲገዛ ለ48 ሰዓት ክፍት ነበር። እሱ ግን አንብቦ አይደለ፣ ባየ ቁጥር «ግዛ» የሚለውን ይጫናል። ስርዓቱም «ገዝተሃል እኮ» አይልም፣ ይቀበላል። ደወልኩላቸው። «እናት፣ ግዢው በትክክለኛ ቁጥር ነው የተፈጸመው» አሉኝ።

ልጅ ደግሞ አንድ ፊልም አይቶ አይበቃውም፣ እንደ ተረት ደጋግሞ ይፈልገዋል። ለልጅ በየእይታው መክፈል የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ኳሱን በየጨዋታው ግዛ፣ የልጁን ግን ወርሃዊ የሆነ ነገር ላይ አድርገው። ቁጥሩንም ዛሬውኑ ቀይር።

ነገረኛው

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፣ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ይህ ጥያቄ አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. 1951 ዜኒት የተባለው ኩባንያ ቺካጎ ውስጥ 300 ቤተሰብ ላይ ለ90 ቀን ሞክሮታል። ስልክ ትደውላለህ፣ የተዘበራረቀው ምስል ይጠራልሃል፣ ለአንድ ፊልም አንድ ዶላር ትከፍላለህ። እ.ኤ.አ. 1953 ደግሞ ፓልም ስፕሪንግስ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳንቲም የሚጎርስ ሳጥን ገጠሙ። ሳንቲም ካልከተትክ ፊልም የለም። ብዙም አልቆየም። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ተቀየረ እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

ከዚያ ሁሉ ሙከራ አንዱን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ አንድ የአሜሪካ ጣቢያ ተጨማሪ ሦስት ቻናል በክፍያ አቀረበ። ሙሉው ጥቅል 125 ዶላር ነበር። ያው ጣቢያ ግን ዋና ዋናውን በነፃ ያሳይ ነበር! ማን ይገዛል? ከባድ ኪሳራ ደረሰበት። ስለዚህ አንተም ከመግዛትህ በፊት ያ ጨዋታ በነፃ ቻናል እንደማይተላለፍ እይ። የጎሎቹ ቅንጭብ ወዲያው የሚወጣ ከሆነና ያ የሚበቃህ ከሆነም አትግዛ።

ሰው ሲመረው ደግሞ አይገዛም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለመደበኛ ስርጭት ያልተመረጡትን ጨዋታዎች እያንዳንዳቸውን በ14.95 ፓውንድ አቀረበ። ስታዲየሞች በወረርሽኙ ተዘግተው ነበር። የብዙ ክለብ ደጋፊዎች አንገዛም ብለው ያንኑ ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ሰጡ። ሊጉ በቀጣዩ ወር ተወው።

ሶፋ ላይ

እኔ ተቃራኒውን ልከራከር። ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ነው የምታወሩት። የማሰቡ ድካምስ?

ለስድስት ወር በየጨዋታው ከፈልኩ። ቆጥቤያለሁ፣ አልክድም። ግን ቴሌቪዥን ማየት ሥራ ሆነብኝ። ሥራ ጨርሼ ቤት እገባለሁ፣ ሶፋ ላይ ጋለል እላለሁ፣ ከዚያ ምርጫ ይመጣል፦ ይሄ ይገባዋል? ያ ይሻላል? ለነገው ላስቀምጠው? አንዳንዴ ስመርጥ ግማሽ ሰዓት ያልፍና ምንም ሳላይ እተኛለሁ። ጨዋታው ሲደብር ደግሞ አሰልቺነቱ ላይ የገንዘቡ ንዴት ይጨመራል። ወርሃዊ ስከፍል መጥፎ ጨዋታ መጥፎ ጨዋታ ብቻ ነበር።

ወደ ወርሃዊው ተመለስኩ። ውድ ነው። አእምሮዬ ግን አረፈ። ለእረፍት የምከፍለው ነው ብዬዋለሁ።

ቆጣቢዋ

ሶፋ ላይ፣ ያልከው ገብቶኛል። እኔ ላይ ግን በተቃራኒው ነው የሠራው። የገዛሁትን ነገር ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ስልኬን አስቀምጬ። ድሮ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይለፈልፋል፣ ማንም አያየውም። አሁን ሲበራ ሁላችንም እናየዋለን። ሲያልቅ ይጠፋል። ቤቱ ጸጥ አለ።

ሪሞት በእጄ

ብዙ አስተማራችሁኝ። ሳጥኑን አሁን አልገዛም። መጀመሪያ አንድ ነገር ልሞክር። የቆጣቢዋን ደብተር ሐሳብ ልሰርቅ ነው። አሁን ያለኝ ወርሃዊ ፓኬጅ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ሪሞቱ አጠገብ ወረቀት አስቀምጬ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። በእያንዳንዱ ጎን ደግሞ «ብከፍልበት ኖሮ እገዛው ነበር ወይ?» ለሚለው አዎ ወይም አይ እላለሁ። እመለሳለሁ።

ነገረኛው

ጨዋታው ሳይጀመር ጻፈው እንጂ። ካሸነፋችሁ በኋላማ ሁሉም «አዎ» ነው።

ሪሞት በእጄ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

እንደገባሁት ቃል መጣሁ።

በሦስት ሳምንት 9 ጨዋታ አይቻለሁ። ሳይጀመሩ «እገዛው ነበር» ያልኳቸው ሦስት ብቻ ናቸው። የቀሩት ስድስት ስለበራ ብቻ ያየኋቸው ናቸው። በዚህ ስሌት በወር አራት ጨዋታ ገደማ ይሆናል። ፊልም አንድም አልጨረስኩም። በጣም ደስ አለኝ፤ ከስድስት በታች ነኝ፣ አተረፍኩ!

ከዚያ ባለቤቴ ወረቀቱን አየችው። «ያንተ ብቻ ነው የተጻፈው» አለች። እውነቷን ነው። እሷ ተከታታይ ድራማ በየማታው ታያለች። ልጁ ካርቱን በየቀኑ። ያንን በየእይታው ልግዛ ብል ወር ሳይሞላ እከስራለሁ። ስለዚህ ለእነሱ ስፖርት የሌለበት ትንሹ ፓኬጅ ያስፈልጋል። ዋጋው ከሙሉው አንድ ሦስተኛ ነው።

አሁን ደምሩ። አንድ ሦስተኛ ለትንሹ ፓኬጅ፣ አራት ስድስተኛ ለአራት ጨዋታ። ልክ አንድ ሙሉ! አሁን የምከፍለው ያው ነው። አንዱ ጨዋታ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ይበልጣል። ስድስት ያልኩት መስመር ስድስት አልነበረም፣ አራት ነው። ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ የምኖር አድርጌ ነበር ያሰላሁት።

ባለቤቴ መፍትሔ ሰጠችኝ፦ «ከአራቱ አንዱን ወንድምህ ቤት እይ።» ሄድኩ። የወንድሜ መሳቢያ ውስጥ ምን አገኘሁ? ያንኑ ሳጥን! ገዝቶት፣ ሁለት ወር ተጠቅሞ፣ ሂሳቡ ሲቃጠልበት ተናዶ የጣለው። በነፃ ሰጠኝ። ስለዚህ ትንሹን ፓኬጅ ይዤ በወር ከሦስት ጨዋታ ሳላልፍ ልሞክረው ነው።

ቆጣቢዋ

ሳጥኑን በነፃ ማግኘትህ ነው ያዳነህ። ሊጉ የሚዘጋባቸውን ወራትም ቁጠር። ያኔ የምትከፍለው ትንሹን ፓኬጅ ብቻ ነው።

ነገረኛው

ሊጉ ሲዘጋማ ሙሉ ፓኬጅ ያለውም ሰው ዝቅ ማድረግ ይችላል። ማንም አያደርገውም እንጂ። ያንን የሳጥኑ ትርፍ አታድርጊው።

ቆጣቢዋ

ማንም አያደርገውም ካልክ እኮ ትርፉ እሱ ነው።

ሪሞት በእጄ (ከአራት ቀን በኋላ)

የመጀመሪያውን ጨዋታ ትናንት ገዛሁ። የሚስጥር ቁጥሩን ቀየርኩ። ትንሹን ሂሳብ ሞላሁ። የሚቃጠልበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፍኩ። ሁሉን በሥርዓቱ አደረግኩ።

ከዚያ ልጁ ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅሎት ኖሯል። ፈቃዱ የደረሰኝ ጨዋታው 20ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ነው።

ዲሽ ገጣሚ

ምን ብዬህ ነበር 😂 ሰካኸው፣ ቻናሉ ላይ ጠበቅክ?

ሪሞት በእጄ

ጠበቅኩ። ቆሜ ጠበቅኩ።

የቡጢ ወዳጅ

በ20ው ደቂቃ ውስጥ ስንት ጎል አመለጠህ?

ሪሞት በእጄ

ምንም። ዜሮ ለዜሮ ነው ያለቀው።